ባሕር ማዶ የሚሻገር እድር

የእድራችን ጸሐፊ ከሆንሁ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። በእነዚህ ዓመታት የታዘብሁት ነገር ቢኖር፣ አባል ሁሉ መዋጮውን እንጂ መተዳደሪያ ደንቡን የማያውቅ መሆኑን ነው። ወርኃዊው ስንት እንደሆነ ጠይቁት፣ ከእንቅልፉ ነቅቶም ይነግራችኋል። «የአማች ለቅሶ ላይ ድንኳን ይወጣል ወይ?» ስትሉት ግን ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ይቆጣል። ክርክሩ የሚነሣው ሁልጊዜ ለቅሶው ከደረሰ በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት እኔው ራሴ እንደዚያ ያለ አባል ልሆን ምንም አልቀረኝም ነበር።

መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ ኮሎኝ የምትኖረው ልጄ ሴት ልጅ ተገላገለች። «አባዬ፣ ለክርስትናዋ ድረስልኝ» አለችኝ በስልክ። እናቷ በሕይወት ብትኖር አራስ የምትጠይቀው እርሷ ነበረች፤ ተራው የኔ ሆነ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። የኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ከሰማንያ ላይ አርባ አምስት ሲነሣ የቀረኝ ሠላሳ አምስት ቀን ነው። ግብዣው፣ የባንክ ማስረጃው፣ ቀጠሮው፣ ሁሉም በዚያች ሠላሳ አምስት ቀን ማለቅ ነበረበት።

ልጄ ከላከችልኝ የሰነዶች ዝርዝር መካከል «የጉዞ የጤና መድን፣ ከ30,000 ዩሮ ያላነሰ» የሚል መስመር ነበር። እኔ የቆጠርሁት እንደ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው፤ ርካሹን ገዝቶ ማያያዝ።

ጎንደር ላይ የተነገረኝ ዋጋ

ከምኖርባት ከጎርጎራ በቆላ ድባ በኩል ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሚኒባስ ሄጄ መጀመሪያ የገባሁት የቪዛ ቅጽ ከሚሞላ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነበር። ወኪሉ ትሑት ልጅ ነው፤ መታወቂያዬን ተቀብሎ ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈና ዋጋ ነገረኝ። ጎረቤቴ ከዓመት በፊት ልጁን ሊጠይቅ ሲሄድ የከፈለውን አውቅ ነበርና ደነገጥሁ። ዶላርና ዩሮ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘሩ በዚያ ይሆናል ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አንድ የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ ጎራ ብዬ ፓስፖርቴን ሰጠሁ። ለአንድ ዓይነት ሽፋን፣ ለአንድ ዓይነት ቀናት፣ አረቦኑ ከመጀመሪያው ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሻይ ቤት ተቀምጬ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሳስተያይ ምስጢሩ ወለል አለልኝ። የተወለድሁት ሐምሌ 1953 ዓ.ም. ነው። የቀበሌ መታወቂያዬ ይህንኑ ይላል። ወኪሉ 1953ን እንዳለ በፈረንጅ ዓመት ምሕረት አስገባው፤ ኮምፒዩተሩም ስልሳ ሦስት ዓመት የሆነኝን ሰው ሰባ አንድ ዓመት አደረገኝ። ትክክለኛው 1961 እ.ኤ.አ. ነው።

የጉዞ መድን ዋጋ የሚወሰነው በዋናነት በሦስት ነገር ነው፦ በዕድሜ፣ በቀኑ ብዛትና በሚሄዱበት አገር። ከስልሳ አምስት፣ ከዚያም ከሰባ በኋላ ብዙ ድርጅቶች አረቦኑን ከፍ ያደርጋሉ፤ ከተወሰነ ዕድሜ በላይ ጭራሽ የማይቀበሉም አሉ። ስለዚህ የስምንት ዓመት ስሕተት ቀላል አይደለም። ዋጋውን ብከፍለው እንኳ የልደት ቀኔ ከፓስፖርቴ ጋር ስለማይገጥም ወረቀቱ ኤምባሲ ላይ ዋጋ አይኖረውም ነበር። ተመልሼ ለልጁ አሳየሁት፤ አፈረ፣ እኔም አልተቆጣሁም። አርባ ዓመት ያህል ሳስተምር ከዚህ የባሰ ስሕተት አርሜያለሁ።

ከዓመተ ምሕረቱ ሌላ ሰዓቱም ሊያሳስት ይችላል። እኛ «ሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት» የምንለው በእነርሱ አቆጣጠር ማክሰኞ የሚጀምርበት ደቂቃ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚነሡት በረራዎች ብዙዎቹ በዚያ ሰዓት አካባቢ ናቸው። ስለዚህ መድኑ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን ከቲኬቱ ላይ አንብባችሁ አስሞሉ፤ በቃል አትንገሩ።

ሕጉ የሚለው

የሸንገን አገሮች ዛሬ 29 ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቪዛ ኮዳቸው በ15ኛው አንቀጹ አመልካቹ የያዘው መድን ምን ማሟላት እንዳለበት ዘርዝሯል። ሽፋኑ ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም። በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራና የቆይታውን ቀን በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት። አስቸኳይ ሕክምናን፣ ድንገተኛ የሆስፒታል ወጪን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስን፣ እንዲሁም ሞትን ማካተት አለበት።

የመጨረሻውን ሳነብ ፈገግ አልሁ፤ ፈረንጅ ይህን ሲጽፍ ከእድር ስብሰባ የዋለ ይመስላል። በሰው አገር የሞተ ወገናችን አስከሬኑ እስኪመጣ ስንት ደጅ እንደሚጠና፣ ስንት ሰው ገንዘብ እንደሚያዋጣ የማያውቅ የለም። የኛ እድር ድንኳን ግን ጣናን ተሻግሮ ደልጊ እንኳ አይደርስም። ይህ ወረቀት በትክክል ከተገዛ ባሕር ማዶ የሚሻገር እድር ነው። አባላቱ አይተዋወቁም፣ ንፍሮ አብረው አይቀምሱም፤ ሆኖም መዋጮ አለው፣ ደንብ አለው፣ ከደንቡ ውጭ የሆነ ሰው ሲመጣም እንደኛው ፊቱን ያዞራል።

ሕጉ ሌላም የሚጠቅም ነገር አለው። መድኑ በመርሕ ደረጃ የሚገዛው አመልካቹ ከሚኖርበት አገር ነው፤ ካልተቻለ ከሌላ አገርም ይሆናል፤ ሌላ ሰው ለአመልካቹ ሊገዛለትም ይፈቅዳል። ስለዚህ ልጄ ከጀርመን በኩል ለእንግዳ የሚሸጥ መድን ጠይቃ ሦስተኛ ዋጋ አመጣችልኝ። አገር ውስጥ ያለው በብር የሚከፈል ሲሆን የእርሷ በዩሮ ነው። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ኤምባሲው እንደሚቀበለው አስቀድሞ ያረጋግጥ።

በአገራችን ደርግ በ1967 ዓ.ም. የመድን ድርጅቶችን ወርሶ ከጠቀለለ በኋላ ለሃያ ዓመት ገደማ የነበረው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ሥራው ለግል ባለሀብት ከተከፈተ ወዲህ ምርጫው በዝቷል። ፈቃድ የሚሰጠውም የሚቆጣጠረውም ብሔራዊ ባንክ ነው። አንድ ሻጭ ወረቀት ሲያቀርብላችሁ ከዋጋው በፊት ከጀርባው ያለው መድን ሰጪ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ወኪል መንገድ ያሳያል እንጂ ካሳ አይከፍልም።

«የለም ይበሉ፣ ይወደድብዎታል»

ቅጹ ላይ «ሥር የሰደደ ሕመም አለብዎት?» የሚል ጥያቄ አለ። እኔ የደም ግፊት አለብኝ፤ በየቀኑ ጠዋት አንድ ክኒን እውጣለሁ። ቅጹን ስሞላ ከአጠገቤ የነበረ አንድ ተጓዥ ጠጋ ብሎ «የለም ይበሉ መምህር፣ ይወደድብዎታል» አለኝ። ለኔ ማዘኑ ነው። እድር ውስጥም እንዲህ የሚያዝኑ አሉ፤ ልጃቸው ከቤት ወጥቶ ትዳር ከያዘ በኋላ አሁንም ጥገኛ ነው ብለው የሚያስመዘግቡ።

የ1952ቱ የንግድ ሕጋችን ግን መድን ገቢው የሚያውቀውን በትክክል እንዲናገር ያስገድዳል፤ ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ይፈርስበታል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ጥቂት ብር ለማትረፍ «የለም» ያለ ሰው፣ ኮሎኝ ላይ ግፊቱ ቢነሣበት የያዘው ወረቀት ባዶ ወረቀት ነው።

«አለብኝ» ማለትም ቢሆን ሁሉን ነገር አይፈታም። ርካሽ መድኖች በአብዛኛው ቀድሞ የነበረን ሕመም አይሸፍኑም። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ረቀቅ ያለ ነው፦ መደበኛ ክትትልና ክኒን እንደማይሸፈን ግልጽ ነው፤ ነገር ግን የነበረው ሕመም በድንገት ለሕይወት የሚያሰጋ ሆኖ ቢነሣ ይሸፈናል ወይ? እስከ ስንት? ሰውየው በዚያው ሕመም ቢሞት አስከሬኑን ይመልሳሉ ወይ? ሁለት ድርጅቶች ለዚህ አንድ ጥያቄ የተለያየ መልስ ሰጡኝ። አንደኛው ምንም አይከፍልም። ሌላው ድንገተኛውን እስከ ተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል። የዋጋቸው ልዩነት ደግሞ የአንድ ቀን ምሳ ያህል ነበር።

ልጄ ስትጋብዘኝ ጀርመን ውስጥ ለባለሥልጣን የፈረመችው የኃላፊነት ሰነድ ነበር። እንግዳው በቆይታው የሚያስፈልገውን ወጪ፣ ሕክምናውን ጨምሮ፣ እንድትሸፍን የሚያስገድድ ነው። መድኑ የማይከፍለው ሒሳብ የሚሄደው ወደ አራሷ ቤት ነው ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ 30,000 ዩሮ ለኔ የኤምባሲ መስፈርት መሆኑ ቀረ፤ መነሻ ወለል ሆነ። አንዳንድ ድርጅቶች ጥቂት ጭማሪ ሲከፈላቸው ከፍ ያለ ጣራ ይሰጣሉ፤ ይህ ጭማሪ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ጭማሪ ነው።

እኛ የደምቢያ ሰዎች ደግሞ የራሳችን ጥያቄ አለን፦ ወባ። ይህ ሜዳ በ1940ዎቹ አጋማሽ ላይ ብዙ ሺህ ሰው የጨረሰ ወረርሽኝ ያየ ነው፤ የጎንደር የጤና ኮሌጅ የተቋቋመው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ወባ ከትንኟ ንክሻ በኋላ ከሳምንት እስከ ወር፣ አንዳንዱ ዓይነት ከዚያም ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። ከጎርጎራ ደኅና ወጥታችሁ ትኩሳቱ አውሮፓ ላይ ሊመጣ ይችላል፤ የዚያ አገር ሐኪም ደግሞ መጀመሪያ የሚያስበው ጉንፋንን ነው። ከወባ አገር እንደመጣችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ከመግዛታችሁ በፊትም ከአገር ይዞ የወጣ ወባ እንደ ድንገተኛ ሕመም ይቆጠር እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱ። እኔ በኢሜይል አስመልሼ አትሜ ያዝሁት።

የማያስፈልገንን ላለመግዛት

ገንዘብ ማትረፍ የሚቻለው ሽፋኑን በመቀነስ ሳይሆን የማይጠቅመውን በመተው ነው።

ለዓመት የሚያገለግል፣ ብዙ ጉዞ የሚሸፍን መድን ቀርቦልኝ ነበር። ያው የሚያዝያ 2016 ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትንም አግዷል። አንዴ ለሚገባ ሰው የዓመት መድን ምን ይሠራለታል? የአንድ ጉዞው ይበቃል። እንዲሁም «መላው ዓለም» የሚለው አሜሪካና ካናዳን ስለሚጨምር ይወደዳል፤ ሕክምናቸው ውድ ነውና። ወደ ጀርመን ለሚሄድ የሸንገኑ በቂ ነው።

ሻንጣን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት አየር መንገዱን ለጠፋ፣ ለተጎዳና ለዘገየ ሻንጣ ተጠያቂ ያደርገዋል። ጣራው ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለአንድ መንገደኛ 1,519 የዓለም ገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው፤ ይኸውም 2,000 ዶላር ገደማ። የተጎዳ ከሆነ በ7 ቀን፣ የዘገየ ከሆነ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ግዴታ ነው። በርበሬና ሽሮ ለያዘ ሻንጣ ከዚህ በላይ መድን መግዛት ትርፍ ነው። ቅቤና ቋንጣ ደግሞ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ የወረሰውን ቅቤ የትኛውም መድን አይከፍልም።

ሌሎች አገሮች ለሚሄዱ አንድ ሁለት ቃል። እንግሊዝና አሜሪካ ለጎብኚ ቪዛ መድን አያስገድዱም። ይህ ግን አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ የእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታል ተኝቶ የታከመን እንግዳ የወጪውን 150 በመቶ ያስከፍላል። ለዑምራ የሚሄዱ ደግሞ መድኑ ከቪዛው ክፍያ ጋር ተጣምሮ ስለሚመጣ ሁለተኛ ከመግዛታቸው በፊት ይጠይቁ።

ስልኩን ደወልሁ

ሦስቱን ወረቀቶች ይዤ ጎርጎራ ተመለስሁ። አንድ ነገር ቀረኝ። የአገር ውስጥ ድርጅቶች አውሮፓ ውስጥ ቢሮ የላቸውም፤ ከውጭ አገር የእርዳታ ሰጪ ኩባንያ ጋር ይዋዋላሉ። ሰው ሲታመም የሚደውለው ወደዚያ ኩባንያ ነው፤ ሆስፒታል የሚመራውም፣ ለትልቅ ሒሳብ ዋስትና የሚልከውም እርሱ ነው። እድራችን ውስጥ ጥሩምባ ነፊ አለ፤ እርሱ ካልነፋ ለቅሶ አይሰማም። የመድን ጥሩምባ ያ ስልክ ቁጥር ነው።

እናም ከወደቡ በላይ፣ ኔትወርክ ደኅና ከሚይዝበት ቦታ ቆሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቁጥሮቹን በየተራ ደወልሁ። የርካሹ ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ሦስት ጊዜ ሞከርሁት። የሁለተኛው ትንሽ ሙዚቃ አሰማኝና አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ አነሣች። ገና አልገዛሁም፣ መሥራቱን ለማወቅ ነው ስላት ሳቀች። ሁለተኛውን ገዛሁ። ዋጋው ከሦስቱ መካከለኛ ነበር፤ ከ90 ዩሮው የቪዛ ክፍያ እንኳ ያንሳል።

ኮሎኝ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ አንድ መንጋጋዬ ተነሣብኝ። ግፊት ስፈራ ጥርስ መጣ። ልጄ በእኔ ፈንታ ደወለች። ለሕይወት የሚያሰጋ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚደወለው በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ በሚሠራው 112 ነው፤ ለኔ ግን የመድኑ ስልክ በቃ። ተረኛ የጥርስ ሐኪም አድራሻ ሰጡን፣ የጉዳይ ቁጥር አስመዘገቡን። ፖሊሲዬ የጥርስ ሕመምን የሚሸፍነው ሕመሙን ለማስታገስ ብቻ፣ ያውም እስከ ትንሽ ገንዘብ ነው። ሐኪሙ ነቀለው። ልጄ ከፈለች፣ ዋናውን ደረሰኝና የሐኪሙን ማስረጃ ያዝን።

ጎንደር ስመለስ አመለከትሁ፤ ተከፈለኝ። ሁለት ነገር ግን ጎደለ። አንደኛው ተቀናሽ የሚሉት ነው፤ መድን ገቢው ከራሱ ኪስ የሚችለው የመጀመሪያ ገንዘብ። ተቀናሹ 100 ዩሮ በሆነ መድን ሐኪም 80 ዩሮ ቢጠይቅ ከድርጅቱ የምታገኙት ነገር የለም፤ ርካሽ የሚመስል ፖሊሲ አንዳንዴ ርካሽ የሆነው በዚህ ነው። ሁለተኛው ምንዛሪው ነው። ልጄ የከፈለችው ዩሮ፣ የተመለሰልኝ ብር። በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚሰላ አስቀድሜ አልጠየቅሁም ነበር፤ እናንተ ጠይቁ።

ከመዝገቡ ጀርባ

ስመለስ የእድሩ ሰዎች ስለ ልጅቷ ክርስትና ከጠየቁኝ በኋላ ስለ መድኑ ጠየቁኝ። ልጆቻቸው በየአገሩ ናቸው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ተራው የእነርሱ ነው። የእድሩ ዳኛ «ጻፍልን» አሉኝ። በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ።

1. ስሙና የልደት ቀኑ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይገጥማል? ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጅ ነው?
2. የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ከቲኬቱ ጋር ይስማማል? ቪዛው ቢዘገይ ቀኑን ያለ ክፍያ ይቀይራሉ?
3. ቪዛ ቢከለከል ገንዘቡ ይመለሳል? ስንት ተቀንሶ? በስንት ቀን ውስጥ አመልክቶ?
4. የነበረ ሕመም ድንገት ቢነሣስ?
5. አስከሬን ለመመለስ እስከ ስንት ይከፍላል? በማናቸውም ምክንያት ለሞተ ነው?
6. ተቀናሹ ስንት ነው? ካሳው በየትኛው ቀን ምንዛሪ ይሰላል?
7. ስልኩ ሌሊት ይነሣል?

የሚወስዱትን ክኒን ለሙሉ ቆይታቸው ከነማዘዣው እንዲይዙ፣ የፖሊሲውን ቁጥርና ስልኩን በወረቀት ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ እንዲያኖሩ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ለጋባዣቸው እንዲልኩም ጨመርሁበት። ስልክ ባትሪው ያልቃል፤ ወረቀት አያልቅም።

ሰባቱንም ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ የሌለው ሰው ካለ ሰባተኛውን ብቻ ይያዝ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ።